የሞተር መጋዝ ስምና የመለዋወጫው ነገር

በኢሉባቦር የቡና ለቀማ ተፈጽሞ ጆንያው ወደ መጋዘን ከገባ በኋላ፣ ከጥር አንሥቶ እስከ መጋቢት ድረስ ያለው ጊዜ የመጋዝ ጊዜ ነው። ያረጀውና ፍሬው የመነመነው ቡና ከመሬት በላይ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀርቶለት በሰያፍ ይጐነደላል፤ አዲስ ቀንበጥም እንዲያወጣ ይጠበቃል። ጥላ የበዛበት ማሳ የዛፉ ቅርንጫፍ ይሳሳል። በየሰው ጓሮ የቆመው ባሕር ዛፍም ለማገርና ለአጣና የሚቆረጠው መንገዱ ደርቆ መኪና ሊገባ በሚችልበት በዚሁ ወራት ነው። ይህ ሁሉ ሥራ ዝናቡ ሳይበረታ መፈጸም አለበት። የዝናቡን ነገር ለመቱና ለጎሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠሩት መጥረቢያና ሁለት ሰዎች ከወዲያና ከወዲህ ሆነው የሚስቡት መጋዝ ነበሩ። ዛሬ በቤንዚን የሚሠራው የሞተር መጋዝ ከመቱ ገበያ አልፎ ወደ ኡካ፣ ወደ ቡሬና ወደ ሁሩሙ ገጠር ገብቷል። ሁለት ሰው ከጧት እስከ ማታ የሚደክምበትን ግንድ በጥቂት ደቂቃ የሚጥል መሣሪያ በመሆኑ መግባቱ መልካም ነው። ነገር ግን መሣሪያው በደረሰበት ሁሉ መለዋወጫው አልደረሰም፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይነሣ። በኡካ አካባቢ የሚኖር አንድ የቡና ባለቤት በየካቲት አጋማሽ፣ ሥራው በተፋፋመበት ሰዓት፣ የመጋዙ ሰንሰለት ተበጠሰበት እንበል። መጋዙን የገዛው በስሙ ተማምኖ፣ ከሌላው እጥፍ ዋጋ ከፍሎ ነው። መቱ ሄዶ ቢጠይቅ ባለመደብሩ መጋዙን እንጂ ሰንሰለቱን አላስመጣም። ወደ አዲስ አበባ ይደወላል፤ ከ600 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ማዶ ሰንሰለቱ በአውቶቡስ ተጭኖ በአራተኛው ቀን ይደርሳል፤ ሊገጥሙት ሲሞክሩ ግን ውፍረቱ ሌላ ሆኖ ከቦዩ ውስጥ አልገባ ይላል። ይመለሳል። ሌላው እስኪመጣ ሳምንት ያልፋል። በዚህ መካከል የቀን ሠራተኞቹ ተበትነዋል፤ ደመናውም መጥቷል። በዚያ ዓመት ሳይጐነደል የቀረው ቡና፣ ቢጐነደል ኖሮ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ይሰጥ የነበረውን ምርት በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህን ኪሳራ ገበሬው ብቻውን የሚሸከመው የሚመስለው ቡና ላኪ ቢኖር፣ በመጋዘኑ የሚከመረው ጆንያ ከየት እንደሚመጣ የዘነጋ ነው።

የሰንሰለቱ ዋጋ ከመጋዙ ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ሥራውን ያስቆመው ግን እርሱ ነው።

በዓለም ገበያ በዚህ መሣሪያ ስማቸው የገነነ ሁለት ቤቶች አሉ። አንዱ የጀርመኑ ስቲል ሲሆን፣ አንድርያስ ስቲል የተባለው መሐንዲስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1926 በሽቱትጋርት ከተማ ያቋቋመው ነው። ሌላው የስዊድኑ ሁስክቫርና ነው፤ ይህ ቤት በ1689 የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሆኖ ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን የሞተር መጋዝ ያወጣው ግን በ1959 ነው። በዚያው ዓመት ስቲልም አንድ ሰው ብቻውን ይዞ የሚሠራበትን፣ ኮንትራ የተባለውን መጋዝ ለገበያ አቀረበ። በአውሮፓና በአሜሪካ ደን ቆራጮች ዘንድ የእነዚህ ሁለት ቤቶች ወዳጆች እንደ ሁለት የእግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ይከራከራሉ፤ አባት የያዘውን ልጅ ይወርሳል፤ አንዱ ወገን የሌላውን መሣሪያ በእጁ መንካት እንኳ እንደ ነውር ይቈጥረዋል።

ይህ ሁሉ ታማኝነት ከየት መጣ ቢባል፣ ከብረቱ ጥራት ብቻ የመጣ አይደለም። ስቲል መጋዙን መጠገን በሚችሉ ሻጮች በኩል መሸጥን የንግዱ ዋና ሥርዓት አድርጎ ኖሯል። ገዢው ወደ ሱቁ ሲመጣ ሻጩ መጋዙን ቤንዚን ሞልቶ፣ አስነሥቶ፣ ሰንሰለቱን አጥብቆ ያስረክበዋል፤ ከወር በኋላ ሲበላሽበት የሚመለሰው ወደዚያው ሰው ነው፤ የፈለገው ዕቃም ከመደርደሪያ ይወርድለታል። የዚያ አገር ደን ቆራጭ ስለ መጋዙ ስም ሲምል፣ ሳያውቀው የሚምለው በመንደሩ ባለ ሱቅ ነው። ስሙ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ባለ ሱቁ አብሮት አልተሳፈረም። እንግዲህ መቱ የሚደርሰው የስሙ ግማሽ ነው፤ ዋጋው ግን ሙሉው ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የመጋዝ ስም ግን ካንዴላ ካጣ ከጎተራ ጥግ አይወጣም።

ለዚህ ነገር ማስረጃ ፍለጋ ጀርመን ድረስ መሄድ አያሻም። በየከተማው በረንዳ ሲሰፋበት የኖረው ሲንጀር ስሙ የጸናው መርፌውና ቀበቶው በየገበያው ስለ ተገኘ፣ የሚጠግነውም ሰው በየመንደሩ ስለ ነበረ ነው። ፊያት 682 ኤን 3 የተባለው የጭነት መኪናም በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ለአሠርት ዓመታት የሠራው፣ አንጀቱን ጨለማ ውስጥ በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ መካኒክ በየጋራዡ ስለ ነበረና ከአንዱ የወለቀው ዕቃ ለሌላው ስለሚገጥም ነው። ዛሬ በመቱ ጐዳና የሚርመሰመሰውን ባለ ሦስት እግር ባጃጅ የሚገዛ ወጣት ስለ ሕንዱ ፋብሪካ ታሪክ ማንንም አይጠይቅም። ጎማው፣ ፍሬኑና ካንዴላው በአጠገቡ እንደሚሸጥ ያውቃል፤ ለእርሱ ስሙ ይኸው ነው።

የኢሉባቦር ነጋዴ ራሱ ይህን ትምህርት ከማንም በፊት ያወቀ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች የሚደርሱት ባሮ ወንዝ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። የጎሬና የቡሬ ነጋዴ ቡናውን ወደ ጋምቤላ አውርዶ የውጭ አገሩን ሸቀጥ ወደ ደጋው ያወጣ ነበር። ወንዙ ሲጎድል በሩ ይዘጋል። በበጋ የሚያስፈልገውን በክረምት አስቦ ያላከማቸ ሰው እስከሚቀጥለው ሙላት ባዶ መደርደሪያ ሲጠብቅ ይኖራል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የንግዱም ፊት እየዋለ እያደረ ወደ አዲስ አበባው መንገድ ዞረ። መኪና በየቀኑ የሚመጣ ሲሆን ‹ሲጎድል ይመጣል› የሚል ልማድ ገባ። ለስኳርና ለሳሙና ይህ ልማድ ብዙ አይጎዳም፤ ስኳር ከየትም ቢመጣ ስኳር ነው። መለዋወጫ ግን ከነቁጥሩ ካልመጣ ብረት ብቻ ነው። የባሮን ሙላት ይጠብቅ የነበረው የቀድሞው ነጋዴ በዚህ ረገድ ከዛሬው ይልቅ አርቆ አሳቢ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መለዋወጫ ሲባል ብዙ ባለመደብሮች በመጀመሪያ የሚያስቡት ፒስተንንና ሲሊንደርን ነው። እነዚህ በሥርዓት ለተያዘ መጋዝ ከብዙ ዘመን በኋላ የሚፈለጉ ናቸው። ዕለት ዕለት የሚያልቀው ሰንሰለቱ ነው። በዛሬዎቹ መጋዞች ላይ ያለው የሰንሰለት ጥርስ መልኩን ያገኘው ጆሴፍ ኮክስ ከተባለ አሜሪካዊ ሰው ነው፤ ይህ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1946 የጢንዚዛ ትል እንጨቱን ግራና ቀኝ እየማሰ ሲበላ ተመልክቶ የትሉን መንጋጋ በብረት አስመሰለው። በሚቀጥለው ዓመት ያቋቋመው፣ ኦሪገን የተባለው ቤት ለብዙ ዓይነት መጋዞች የሚሆን ሰንሰለት ሲሠራ ኖሯል። ከዚህ ታሪክ ለባለመደብር የሚተርፈው ቁም ነገር፣ ሰንሰለት የሚገጥመው በስም ሳይሆን በቁጥር መሆኑ ነው።

ቁጥሮቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የአያያዡ ርቀት ሲሆን፣ ተከታታይ የሆኑ የሦስት ሪቬቶች ርቀት ተለክቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ በብዛት የሚታዩት 3/8 ኢንችና 0.325 ኢንች ናቸው። ሁለተኛው በመሪው ብረት ቦይ ውስጥ የሚሮጠው ጥርስ ውፍረት ነው፤ 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስቲል በብዙዎቹ መጋዞቹ 1.6ን፣ ሁስክቫርና ደግሞ 1.5ን ይዘው ስለሚገኙ፣ በዓይን ሲታዩ አንድ የሚመስሉት ሁለቱ ሰንሰለቶች አንዱ በሌላው ቦይ ውስጥ አይሆንም። በምሳሌው የተጠቀሰው የኡካው ሰው ሳምንት ያጣው በዚህች በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው። ሦስተኛው በቦዩ ውስጥ የሚሮጡት ጥርሶች ብዛት ነው፤ አንድ በአንድ መቈጠር አለባቸው። ብዙ ጊዜ ሦስቱም ቁጥሮች ከመሪው ብረት ጭራ አጠገብ ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ዘይትና ሰጋቱራ ስለሚሸፍናቸው ግን በጨርቅ ሳይጠርግ ማንም አያያቸውም። ደንበኛውን የመጋዙን ስም ብቻ ጠይቆ ሰንሰለት የሚሸጥ ባለ ሱቅ፣ የሰውየውን ስም ጠይቆ ጫማ እንደሚሸጥ ነው።

ከሰንሰለቱ ጋር አብሮ መገኘት ያለበት ሞረድ ነው። ለ0.325ቱ 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለ3/8ቱ 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ሞረድ ይፈልጋል። ተስማሚ ሞረድ ያላገኘ ሠራተኛ በተገኘው ሁሉ ይስለዋል፤ የጥርሱ አንግል ይበላሻል፤ መጋዙ እንጨቱን መቁረጥ ትቶ እንደ ዱቄት ያደቅቀዋል፤ ሠራተኛውም በክንዱ እየተጫነ ሞተሩን ያቃጥለዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ፋብሪካው ክፉ ይነገራል። ሰንሰለቱን የሚነዳው ጥርሳም ብረትም ሁለት ሰንሰለት ከጨረሰ በኋላ መለወጥ እንዳለበት የሚነገረው ገዢ ጥቂት ነው፤ በተበላ ጥርስ ላይ የተገጠመ አዲስ ሰንሰለት ቶሎ ያልቃል። ከዚህ ቀጥሎ የሚፈለጉት ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የማስነሻ ገመድና የካርቡሬተር ጓርኒሲዮን ናቸው። ፋሻና ኩሽኔታ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገቡ ናቸው።

ዕቃው መገኘቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚያውቅ እጅም ያስፈልጋል። ይህ መሬት ከሌላው አገር የተለየ ጠባይ አለው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ያጨሳል፤ ጉልበቱም ይደክማል፤ ስለዚህ መካኒኩ ብሎኑን ጥቂት አዙሮ ቤንዚኑን ይቀንስለታል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ያው መጋዝ በሳምንቱ ወደ ጋምቤላ ቆላ ሲወርድ፣ በከበደው አየር ላይ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይትም አብሮ ያንሳል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ፒስተኑም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይነካከሳል። ባለቤቱ የቆላው ሙቀት ገደለው ብሎ ያዝናል። የገደለው ሳይመለስ የቀረው ብሎን ነው። ይህን ለገዢው የሚነግረው ሻጩ ካልሆነ ማን ይሆናል?

የዘይቱ ነገርም እንዲሁ ነው። በጥሩ የሁለት ምት ዘይት 50 ለ1 ሲባል ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ 25 ለ1 ሲባል 40 ሚሊ ሊትር ነው። በየሱቁ በግምት፣ በቡና ስኒ እየተለካ ይቀላቀላል። መለኪያ ያለባትን ትንሽ ጠርሙስ ከመጋዙ ጋር ቢያስረክብ ሻጩ የሚያወጣው ወጪ ከምንም አይቈጠርም፤ የሚያተርፈው ደንበኛ ግን ለዓመታት ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር መነሣት ይገባዋል። በቅርብ ዓመታት ታላላቆቹ ቤቶች ቤንዚኑንና አየሩን በኤሌክትሮኒክ ራሱ የሚመጥን መጋዝ አውጥተዋል። ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ብሎን የሚያዞር ሰው አያስፈልገውም። ሲበላሽ ግን የሚመረምረው መሣሪያ ሻጩ ዘንድ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው መጋዝ ወኪል በሌለበት አገር ሐኪም በሌለበት እንደ ታመመ ሰው ነው። ለኢሉባቦር፣ ቢያንስ ዛሬ፣ ብሎኑ በዊንጭት የሚዞረው ቀላሉ መጋዝ ይሻላል። አስመጪዎች አዲሱን ሁሉ የተሻለ አድርገው ባያቀርቡት መልካም ነው።

ስለ ቻይና መጋዝ ብዙ ይወራል። ርካሽ ነው፣ አይቆይም ይባላል። እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ሁለት ፊት አለው። በልዩ ልዩ ስምና ቀለም የሚሸጡት ባለ 45፣ ባለ 52ና ባለ 58 ሲሲ የቻይና መጋዞች አብዛኞቹ በአንድ አምሳያ የተሠሩ በመሆናቸው የአንዱ ካርቡሬተር፣ ማስነሻና ፊልትሮ ለሌላው ይገጥማል። ከሦስት የሞቱ መጋዞች አንድ ሕያው መጋዝ ማውጣት ይቻላል። ለትንሹ የቡና ማሳ ባለቤት፣ መለዋወጫው መቱ ውስጥ ያለ ርካሽ መጋዝ፣ መለዋወጫው አዲስ አበባ ካለ ዝነኛ መጋዝ ይበልጥበታል። በቀን ስምንት ሰዓት ጣውላ ለሚሰነጥቅ ሰው ግን ርካሹ አይሆንም፤ ጉልበቱም ዕድሜውም አይበቃም። ባለመደብር ገዢውን መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ‹ምን ትቈርጥበታለህ?› ብሎ ነው።

ርካሽነት አንድ ነገር ሲሆን ማታለል ሌላ ነው። የታወቀ ቤት ስምና ቀለም ተለጥፎበት የሚሸጠው አስመሳይ መጋዝ፣ አስመሳይ ሰንሰለትና አስመሳይ ካንዴላ የአዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚከለክለው የንግድ ምልክት ስርቆት ነው። ይህን ዕቃ እያወቀ የሚሸጥ ነጋዴ ለጊዜው ቢያተርፍም፣ የሚሸረሽረው የጀርመኑን ቤት ስም ብቻ አይደለም፤ በከተማው የራሱን ስም ይሸረሽራል። ጀርመኑ በአገሩ ነው፤ እርሱ ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ ከመስጊድ ሲወጣ ገዢውን ፊት ለፊት ያገኘዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ምክንያቱም ባለመደብሮች ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ‹መለዋወጫ የታሰረ ገንዘብ ነው› ይላሉ። መልሱ የሚናቅ አይደለም። ኡካ ላይ ያለ ትንሽ ሱቅ ለስድስት ዓይነት መጋዝ ስድስት ዓይነት ዕቃ ቢያከማች በእርግጥ ይከስራል። ግን የስድስቱን ዓይነት መጋዝ መሸጥ ማን አስገደደው? ከየመኪናው ላይ የተገኘውን መጋዝ ሁሉ አንድ አንድ እየገዙ መደርደር ሱቁን ያስጌጣል እንጂ ገንዘቡን አይመልስም። ሁለት ዓይነት ብቻ መርጦ፣ አንዱን ለከባድ ሥራ ሌላውን ለቀላል፣ የእነዚያን መለዋወጫ አሟልቶ የሚይዝ ሱቅ የሚያስረው ገንዘብ ያነሰ ነው፤ ደንበኛውም ወዲያ ወዲህ አይልም።

ከዚህም በላይ የታሰረው ገንዘብ በቅርቡ ምን እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መጋዙን በሙሉ ሸጦ ብሩን በሣጥን ያስቀመጠ ሰው በዚያው ብር ያንኑ ያህል መጋዝ መልሶ ማስመጣት አልቻለም። በመደርደሪያው ሰንሰለትና ፋሻ የነበረው ግን የያዘው ዕቃ ዋጋ አብሮ ወጣ። ለገዢውም ቢሆን መጋዝ በተወደደ ቁጥር የሚያዋጣው ያለውን ጠግኖ መሥራት ነው፤ ስለዚህ የመለዋወጫ ገበያ የሚሰፋው በእንደዚህ ያለ ጊዜ ነው። መጋዝ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ሰንሰለት በየዓመቱ ይሸጣል።

የአስመጪው ድርሻ ከባለመደብሩ ይበልጣል። ከውጭ ቤት ጋር የወኪልነት ውል ሲፈራረም፣ በውሉ ውስጥ ስለ ዋጋና ስለ ብዛት የሚጻፈውን ያህል ስለ መለዋወጫ አይጻፍም። ከሚያስመጣው የመጋዝ ዋጋ ከመቶ አሥሩ ወይም አሥራ አምስቱ በመለዋወጫ እንዲሆን ቢያደርግ፣ የውጩም ቤት ለአንድ ዓይነት መጋዝ ማምረት ካቆመ በኋላ ስንት ዓመት መለዋወጫ እንደሚያቀርብ በጽሑፍ ቢያስገባ ይገባዋል። ይህን ጥያቄ የማይመልስ ፋብሪካ ስሙ ምንም ያህል ቢገን ወኪልነቱ አይፈለግም። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የማስመጣትን፣ የጅምላንና የችርቻሮን ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች የከፈተ በመሆኑ፣ የአገር ውስጡ አስመጪ የሚመካበት አጥር ፈርሷል። ነገ ፋብሪካው ራሱ መጥቶ ሱቅ ቢከፍት አስመጪውን የሚያድነው፣ እስከ መቱና እስከ ኡካ የዘረጋው የዕቃና የጥገና መረብ ነው። የመለዋወጫ ዝርዝር መጽሐፍም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሊታተም ይገባዋል። በእንግሊዝኛና በቻይንኛ የተጻፈውን መመሪያ ገጠር ልኮ፣ ተጠቃሚው አላነበበም ብሎ መክሰስ ፍርድ አይደለም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ይህ አገር የደን አገር ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የያዮ የቡና ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ በስማቸው ተጠቅሶ ተከልክሎ ነበር፤ በኋላም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የደን ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥን ያስቀጣል። ነጋዴ የደን ጠባቂ አይደለም ይባል ይሆናል። በዱቤ የሸጠው መጋዝ በሌሊት ሲያገሣ ተይዞ ቢወረስ ግን ዱቤው ከማን ይከፈለዋል? ጓሮው ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ያለው፣ ቡናውን በየተራ የሚጐነድል ገበሬ በየዓመቱ ለሰንሰለትና ለሞረድ የሚመለስ ደንበኛ ነው። ደን ጨራሹ አንድ ጊዜ ይገዛና ይጠፋል። ቡናው ያለ ጥላ የማይሆን በመሆኑም ደኑ ካለቀ መጋዙም ሱቁም ሥራ ያጣሉ።

ታዲያ ዘዴው ምንድን ነው ቢባል፣ ከተሞቹ ሥራውን መከፋፈል ይችላሉ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ መቱ ላይ አንዱ ነጋዴ የአንዱን ቤት ዕቃ፣ ሌላው የሌላውን አሟልቶ ቢይዝ፣ በደሌም ላይ እንዲሁ ቢሆን፣ አንዱ የጎደለውን ከሌላው በነጋዴ ዋጋ ቢወስድ፣ ማንም ሰው ሁሉንም እንዲያከማች አይገደድም። ጎሬና ኡካ ላይ ያለው ሱቅ ሰንሰለት፣ ሞረድ፣ ካንዴላና ገመድ ብቻ ይዞ ለቀረው የትእዛዝ መዝገብ ይበቃዋል። በየከተማው አንድ አንድ ወጣት መካኒክ ተመርጦ አስመጪው ዘንድ ለሁለት ሳምንት እንዲማር ቢላክ የንግድ ምክር ቤቱ ሊያስተባብረው የሚችለው ሥራ ነው። ዋጋው በቴሌብር በዚያው ሰዓት ይከፈላል፤ ዕቃው በማለዳው አውቶቡስ ይሳፈራል።

ትእዛዙ ግን በሥርዓት መጻፍ አለበት። ‹ለስቲል መጋዝ የሚሆን ፋሻ ላኩልን› የሚል ደብዳቤ ለደረሰው የአዲስ አበባ ጸሐፊ ምንም አልነገረውም፤ በዚያ ስም የሚጠሩት መጋዞች በዓይነት ብዙ ናቸው። የመጋዙ ዓይነት፣ በአካሉ ላይ የተቀረጸው ተራ ቁጥር፣ ከዝርዝር መጽሐፉ የተወሰደው የዕቃው ቁጥር፣ ለሰንሰለት ደግሞ ሦስቱ ቁጥሮች ይጻፉ፤ የአሮጌው ዕቃ ፎቶግራፍም በስልክ ይላክ። አሮጌው ዕቃ አዲሱ እስኪመጣ ከመደብሩ አይጣል። ለጥር ጉንደላ የሚፈለገው ሰንሰለትና ሞረድ በጥቅምት መጨረሻ ታዝዞ በኅዳር መደርደሪያ ላይ መገኘት አለበት፤ ከታኅሣሥ በኋላ የጭነት መኪናው ሁሉ ቡና ይዞ ወደ አዲስ አበባ ለመውጣት የሚሽቀዳደም ሲሆን፣ ተመልሶ ሲመጣ የሚጭነውም ከሁሉ አስቀድሞ ስኳርና ዘይት ነው።